ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጡት የማትለቅ የ9 ቀን ልጅ፤ ወተቱ አልበቃት ይሆን?

የሌሊት ዘበኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ነው። ሶፋ ላይ ነኝ፤ ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታለች። የምጽፈው በአንድ አውራ ጣት ስለሆነ ለግድፈቱ ይቅርታ።

ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስናነብ የከረምነው ስለ ምጥ ነበር። ምጡ በ14 ሰዓት አለቀ። በየማታው አራት ሰዓት ስለሚፈጀው ማጥባት ግን አንድ መስመር አላነበብንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ጨዋ ናት። ትጠባለች፣ ታገሳለች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ትተኛለች። ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሌላ ልጅ ትሆናለች። አሥር ደቂቃ ጠብታ ትለቃለች። ታለቅሳለች። መልሰን እናስጠጋታለን። ታንቀላፋለች። ጀርባዋ አልጋዋን ገና ከመንካቱ ዓይኗን ትገልጣለች። እንደገና ጡት። እንዲህ እያልን 5 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ድንገት ጭጭ።

ባለቤቴ «ጡቴ ባዶ ነው» ትላለች። በ4ኛው ቀን ወተቱ ሲመጣ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ አሁን ለስላሳ ነው። ትናንት በፓምፕ ብታልበው 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ወጣ። ጠርሙሱን እያየች አለቀሰች። አማቴ ክፉ አይናገሩም። ግን ትናንት ማታ ቀስ ብለው «ልጅቷ እኮ አልጠገበችም፤ ትንሽ ጡጦ ብትጨምሩላት» አሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተናገረ ሰው የለም።

ደብተር እይዛለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ልማድ ነው። ባለፉት 24 ሰዓታት 11 ጊዜ ጠብታለች። 7 ሽንት፣ 4 ካካ፤ ካካው ቢጫና ላላ ያለ ነው። ስትወለድ 3,200 ግራም ነበረች። በ4ኛው ቀን 2,960 ሆነች። ከነገ ወዲያ ትመዘናለች።

ሌላው ትንፋሿ ነው። ተኝታ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስና በመሀል ቀጥ ትላለች። በስልኬ ስቆጥረው 5 ወይም 6 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። በእነዚያ 6 ሴኮንዶች እኔም አልተነፍስም።

እትብቷም ገና አልወደቀም። ደርቆ ጠቁሯል፤ ሥሩ ላይ ግን ትንሽ እርጥበት አለው። መንካት ፈርቼ ትቼዋለሁ።

ጡጦ እንጀምር ወይስ እንታገስ?

የሦስት እናት

ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ደብተርህን ይዘህ ሂድና ለባለቤትህ አሳያት። መልሱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ጡት መስመር የተሰመረበት ጡጦ አይደለም። ስንት እንደገባ አታየውም። የወጣውን ግን ትቆጥራለህ። ከ5ኛው ቀን ወዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ ሽንት፣ ቢጫ ካካ ካላት ወተቱ እየደረሳት ነው። 7 እና 4 ብለህ ራስህ ጽፈኸው ትጨነቃለህ እንዴ? ካካዋ መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነበር አይደል? ወደ ቢጫ የተቀየረው ወተት ስለገባ ነው።

የማታው ጣጣ የሦስቱም ልጆቼ ነበር። ማታ ማታ ተደራርቦ መጥባት የጨቅላ ጠባይ ነው። ወተቱ ስላለቀ አይደለም። ደጋግማ በመጥባቷ ጡቱን «ነገ ጨምር» እያለች እያዘዘች ነው ብለህ ቁጠረው። ወደ 3ኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይብስባታል፤ ያኔ ደግሞ እንዳትደነግጡ።

ጡቱ መለስለሱም ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ያኔ ድንጋይ ያደረገው ወተቱ ብቻ አልነበረም፣ እብጠትም ነበረው። አሁን የልጅቷን ልክ እያወቀ ነው። ፓምፕ ደግሞ እንደ ልጅ አይስብም። ልጅቷ ጠብታ ከጨረሰች በኋላ በ8ኛ ቀን 30 ሚሊ? እኔ ብሆን ጠርሙሱን ይዤ በጎረቤት እዞር ነበር።

የራሴን ልንገርህ። በመጀመሪያ ልጄ ልክ እንደናንተ ፈራሁ። ማታ ማታ ጡጦ ጨመርኩላት። ተኛች፤ እኔም ተኛሁ፤ ገነት ነበር። ግን ማታ ያልተጠባ ጡት «ለካ አይፈለግም» ብሎ ቀነሰ። ለሌሊቱም ጡጦ አስፈለገ። ከዚያ ለጠዋቱ። በ6ኛው ሳምንት ጡቴን ስሰጣት ፊቷን ታዞርብኝ ጀመር። ልጄ ምንም አልሆነችም፤ አሁን 11 ዓመቷ ነው፣ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ሐኪም ያስፈልጋታል ካለ ፎርሙላ መስጠት ነውር የለበትም። እኔን የሚቆጨኝ ሳያስፈልግ፣ በፍርሃት ብቻ መጀመሬ ነው።

አሁን የምታደርጉትን ልንገርህ። ከ1 ሰዓት በፊት ባለቤትህ ትብላ። መጸዳጃ ቤት ትግባ። ጀርባዋን የሚደግፍ ወንበር፣ በእጇ የሚደርስ ውሃ፣ የስልክ ቻርጀር ይዘጋጅላት። ከዚያ ትቀመጥ፤ ልጅቷም የፈለገችውን ታድርግ። ከወተቱ በስተቀር ያለው ሥራ ሁሉ ያንተ ነው። ግሳቷን ማስወጣት፣ ዳይፐር መቀየር፣ ይዞ መዞር። በሁለት ጥባት መሀል ሃያ ደቂቃ አንተ ይዘሃት ብትዞር ሚስትህ ሰው ትሆናለች።

ፊቷ ቢጫ ብሎ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በመስኮት በኩል ፀሐይ አሙቋት፣ ይለቃል።

ያልተኛ አባት

የሴኮንዱ ነገር አሳቀኝ፤ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። እኔ ጭራሽ መስታወት አፍንጫው ሥር አስጠግቼ ነበር። ልጁ ነቃ። ሚስቴም ነቃች። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ከቤት ጠፋ፤ የት እንዳደረሰችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የሚያስነጥሰውም፣ ስቅ የሚለውም፣ እንደ ሽማግሌ የሚያጓራውም ጤነኛ ልጅ ነው ብለውኛል። ስቅታው የሚያስጨንቀው እኛን ነው።

አንድ የምጨምረው ግን አለኝ፣ ቀልድ አይደለም። ለቅሶው ከዚህም ይብሳል። እስከ 6ኛው ሳምንት አካባቢ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ ይቀንሳል። እኔ በ5ኛው ሳምንት፣ አንድ ሌሊት፣ ልጄን ይዤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በድካም አይደለም፣ በንዴት። አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛሁት። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ወጥ ቤት ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ። አምስት ደቂቃ አለቀሰ። በማግስቱ ለሐኪሙ እያፈርኩ ስነግረው «ያደረግከው ትክክለኛውን ነው» አለኝ። ጨቅላ መነቅነቅ አንጎል ያደማል። ትንሽ ነው፣ ለአንዴ ነው የሚባል ነገር የለውም። አልጋው ላይ አምስት ደቂቃ ያለቀሰ ልጅ ግን ምንም አይሆንም። ይህን ዛሬ ላያስፈልግህ ይችላል። ብቻ እወቀው።

አዋላጇ

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር። «ሶፋ ላይ ነኝ፤ ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታለች» ብለሃል። ሰዓቱም ከሌሊቱ 9 ነው። በዘጠኝ ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ነህ። ትንፋሿን ከመቁጠርህ በፊት ተነስተህ አልጋዋ ላይ አስተኛት። ሶፋ ላይ እንቅልፍ ከወሰደህ አንተ ሳትሰማ በአንተና በትራሱ መሀል ትንሸራተታለች፤ አፍንጫዋ ይታፈናል። ከምትፈራው የ6 ሴኮንድ ትንፋሽ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው። በጀርባዋ፣ ጠንከር ባለ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ለስላሳ አሻንጉሊት በሌለበት፣ እናንተ በምትተኙበት ክፍል ትተኛ። ደረት ላይ መያዝ በጣም ጥሩ ነው፣ ገላ ለገላ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ግን የያዛት ሰው ንቁ ሲሆን።

ትንፋሿ። ጨቅላ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ካንተ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ፈጠን ብሎ ለጥቂት ሴኮንድ ማቆምና መቀጠልም የታወቀ ነው፣ እያደገች ስትሄድ ይጠፋል። ስትቆጥር ተረጋግታ ሳለ ሙሉ ደቂቃ ቁጠር። በ15 ሴኮንድ ቆጥረህ በ4 አታባዛ፤ ትንፋሿ ወጥ ስላልሆነ ያሳስትሃል። ደግመህ ስትቆጥርም ከ60 ካለፈ፣ የጎን አጥንቶቿ መሀል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎቿ ከተነፉ ወይም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ካቃሰተች ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዳት። ከንፈሯና ምላሷ ከጠቆረ፣ ወይም ትንፋሿ ለ20 ሴኮንድ ያህል ከቆመ ድንገተኛ ነው።

ክብደቷ። 240 ግራም ማለት ከ3,200ው 7.5 በመቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨቅላ ይቀንሳል፤ 10 በመቶ ሲደርስ ነው አጥብቀን የምናየው። እስከ 2 ሳምንት ድረስ የተወለደችበትን ክብደት መልሳ መያዝ አለባት። እስከዚያ ድረስ ሌሊትም ቢሆን ከ3 እስከ 4 ሰዓት በላይ ከተኛች ቀስቅሷት። ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ተኙ።

እትብቷ። እንዲደርቅ ተውት፣ ምንም አትቀቡት። ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች አጥፋችሁ እሰሩት፤ ሽንት እንዳይነካው፣ አየርም እንዲያገኝ። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን ውስጥ ይወድቃል። ሲላቀቅ ትንሽ እርጥበት፣ ጠብ ያለ ደምም ሊኖር ይችላል። ዙሪያው ያለው ቆዳ ከቀላና ቅላቱ ከሰፋ፣ መግል ከያዘ ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ ግን በዚያው ቀን ይታይ። እስኪወድቅ ገላዋን በለብታ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉላት፣ በቂ ነው።

የፀሐዩን ነገር የሦስት እናት ይቅር ትበለኝ። ቢጫነት በብዙ ጨቅላ ላይ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይታይና በራሱ ይለቃል። ስለዚህ ፀሐይ ያሞቀውም፣ ያላሞቀውም «ለቀቀለት» ይላል። የመስኮት ፀሐይ ሕክምና አይደለም። ሕክምናው የተለየ ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የሚሰጠውም ቢሊሩቢን (ቆዳውን ቢጫ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ተለክቶ ነው። ቀን ብርሃን ላይ የአፍንጫዋን ጫፍ በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቅ። ቆዳው ቢጫ ከሆነ፣ የዓይኗ ነጩም ቢጫ ካለ፣ አሳያት። በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን የመጣ ቢጫነት፣ ወደ እጅና እግር የወረደ፣ ልጁን አደንዝዞ ጥባት ያስተወ ወይም ከ2 ሳምንት ያለፈ ከሆነ ነገ የሚባል የለም። ሲበዛ አንጎል ይጎዳል።

ትኩሳት 38 ከደረሰ ቤት ውስጥ መድኃኒት አትሞክሩ፤ በሌሊትም ቢሆን ተነሱና ሂዱ። ከ36.5 በታች ከሆነች ደግሞ ገላ ለገላ አቅፋችሁ አሙቋት፤ ካልሞቀች ወይም መጥባት ካቆመች እንደ ትኩሳት ቁጠሩት።

የጠየቅከው ጡጦ ነበር። ከጻፍከው በመነሳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ግን ልጅቷን አላየኋትም፤ የሚያረጋግጠው ሚዛኑ ነው። ውሃም አትስጧት፣ በሙቀትም ቢሆን።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። ባለቤትህን ስታጠባ ያማታል?

የሌሊት ዘበኛ

አካውንቱ የሱ ነው፤ የምጽፈው ግን እኔ እናትየዋ ነኝ። እሱ ተኝቷል። አልጋው ላይ! ልጅቷም የራሷ አልጋ ላይ ናት። የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩት።

አዎ፣ ያመኛል። በግራ በኩል፣ መጀመሪያ ስትይዝ ጥርሴን ነክሼ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። የተለመደ ነው ብዬ ነበር። ጫፉ ተሰንጥቋል። ስትለቅ አንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ይወጣል።

ሌላም ነገር ልናገር፣ ማንም ስላልጠየቀኝ። የሷ ትንፋሽ ይቆጠራል፣ ሽንቷ ይጻፋል። ቤታችን የሚመጣ ሰው በቀጥታ ወደ አልጋዋ ነው የሚሄደው። በ4ኛው ቀን ካልሲ ሳጥፍ አለቀስኩ። በጣም ትንሽ ስለሆነ ብቻ። ትናንት ደግሞ 30 ሚሊዋን አይቼ። ልጄን እወዳታለሁ። ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሆዴ ይሸበራል። ይህም የታወቀ ነው?

አዋላጇ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ይህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው።

ተጨፍልቆ የሚወጣ ጫፍ ማለት ጫፉን ብቻ ይዛ ነው የምትጠባው። አንቺን ያማል፣ እሷም ቶሎ አትጠግብም፣ ማታው ይረዝማል። ሆዷ ከሆድሽ ጋር ይገጣጠም፤ አንገቷ አይጠምዘዝ። የጡትሽን ጫፍ ከአፍንጫዋ ትይዩ አድርጊው። አፏን እንደ ማዛጋት በሰፊው እስክትከፍት ጠብቂ፣ ከዚያ እሷን ወደ ጡትሽ አምጪያት እንጂ ጡትሽን ወደ እሷ አትዘርጊ። በትክክል ስትይዝ አገጯ ጡትሽን ይነካል፣ የታች ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ የጠቆረው ክብ ከላይ ከከንፈሯ በላይ ይበልጥ ይታያል፣ ከታች ብዙው ወደ አፏ ይገባል። ካመመሽ አትታገሺ። ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂያትና እንደገና ጀምሪ። አሥር ጊዜም ቢሆን። ለመመዘን ስትሄጂ «ሳጠባ እዩኝ» በያቸው። ጽሑፍ አንብቦ ማስተካከልና ሰው ቆሞ ሲያይሽ ማስተካከል አይገናኙም።

ለቅሶው፣ አዎ፣ የታወቀ ነው። ከ3ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ብዙ አራስ ታለቅሳለች፤ ካልሲ ላይ ያለቀሰችው አንቺ ብቻ አይደለሽም። በ2 ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ካልቀለለ፣ ልጅቷ ተኝታም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ራስሽን ወይም እሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ በዚያው ቀን ንገሪያቸው። ሕክምና አለው። ድክመት አይደለም።

ላንቺም ቁጥር አለ፣ ባልሽ ይጻፈው። ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ 38 የደረሰ ትኩሳት፣ የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ አንቺ ነሽ የምትሄጂው።

የሦስት እናት

ስለ ፀሐዩ ተቀብያለሁ። እናቴ ነበረች ያስተማረችኝ። ሦስቱንም መስኮት ሥር አስጥቻለሁ፣ ይኸው አሉ፣ ያውም ሲጮሁ።

እህቴ፣ ሆድ መሸበሩን አውቀዋለሁ። እኔ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መጋረጃውን ቀድሜ እዘጋ ነበር፣ እንዳላያት። የሚመጣ ሰው ካለ ልጅቷን አይያዝ። እጁን ታጥቦ ሳህን ይጠብ።

የሌሊት ዘበኛ

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ ነው፣ አሁን አባትየው ነኝ።

ዛሬ ተመዘነች። 3,140። በ7 ቀን 180 ግራም፣ በቀን ወደ 26 ማለት ነው። ነርሷ ቁጥሩን ስትናገር ባለቤቴ «እርግጠኛ ነሽ? እንደገና መዝኛት» አለቻት። እንደገና መዘነቻት። 3,140።

ባለቤቴ ስታጠባም አዩዋት። በግራ በኩል አያያዟ ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ነው ያወቁት። ባለቤቴ ወደ ፊት ታጎነብስ ነበር። ጀርባዋን አስደግፈው፣ ልጅቷን ዞር አድርገው፣ አፏ እስኪከፈት አስጠበቋት። በአራተኛው ሙከራ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እስከ አሥር አልቆጠረችም። ቁስሉ ገና አለ፤ ማታውም አልጠፋም፤ ትናንት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ነበር። ቢጫነቱን አስለካሁ፣ የሚያሳስብ አይደለም ተባልኩ።

እትብቷ ዛሬ ጠዋት ዳይፐር ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ደብተሩ ላይ «12 ሰዓት ከ10፣ እትብት» ብዬ ጻፍኩ። ለአማቴ ክብደቷን ስነግራቸው «እኔስ ብዬ ነበር፣ ይህቺ ልጅ ጎበዝ ናት» አሉ። ዝም አልኩ።

ደብተሩ አሁን አዲስ ዓምድ አለው፦ እናት፣ ስንት ሰዓት ተኛች። ትናንት 5 ሰዓት ከሩብ፣ በሦስት ጊዜ። አነስተኛ ነው፤ እየሠራሁበት ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ50 ሆኗል። ወንበሩን አስጠግቻለሁ፣ ውሃው ተቀድቷል፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል። ልጅቷ መንቀሳቀስ ጀምራለች፣ ልሂድ።